ቅድሚያ ለእቴቴ

ሰው የተቀየመውን ሰው «እግዜር ይይልህ» ይላል። እኔ ግን ከእንግዲህ ክፉ የዋለብኝ ሰው ካለ «ቅድሚያ ይስጡህ» ብዬ ነው የምረግመው። እርግማኑ ካልገባችሁ ቁጭ በሉና ላስረዳችሁ። ወጉ ትንሽ ይረዝማል፤ ቢሆንም እኔ ዘንድ ሰልፍ የለም።

እቴቴ የምላት አክስቴን ነው፤ የአባቴን ታላቅ እህት። ሰው እማማ አስካለ ይላታል። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የራሷን አልወለደችም። ለምን ሲሏት «ይሄን አሳድጌ ሌላ ልጅ ያምረኛል እንዴ?» ትላለች፤ እንደ ምስጋና ልውሰደው እንደ ስድብ እስከ ዛሬ አላውቅም። በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበረች። ካዛንቺስ የነበረችበት የቀበሌ ቤት ሲፈርስ ጎረቤቷ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እሷ አንድ ሻንጣና አንድ ወንበር ይዛ እኔና ባለቤቴ ሰናይት ወደምንኖርበት ወሎ ሰፈር አካባቢ ወዳለው ኮንዶሚኒየም መጣች። ያን ጊዜ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ሞራው ዓይኗን የጋረደው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ጽሑፍ ወሰደባት፣ ቀጥሎ የደረጃውን ጫፍ፣ ከዚያ የሰው ፊት። አንድ ጠዋት በር ላይ የተሰቀለ ካፖርቴን «ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» ስትለው ሰማኋት። ሌላ ቀን ደምበል አጠገብ ስንሄድ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሱፍ ያለበሱት የፕላስቲክ ሰው ቆሟል። እቴቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ጤና ይስጥልኝ» አለችው። ዝም አላት። ደገመችለት። አሁንም ዝም። «አይ የዘንድሮ ሰው! ሱፍ ሲለብስ ምላሱንም ይቆልፉበታል?» ብላ ክንዴን እየጎተተች አለፈች። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ያን ዕለት መሳቅ ሳይሆን ታክሲ መጥራት ነበረብኝ፤ ግን ሰው የሚያለቅስበትን ነገር መጀመሪያ የሚስቅበት ለምን እንደሆነ አንድዬ ይወቀው።

በዚያው ሰሞን፣ ግንቦት ላይ፣ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ አጥር ላይ አንድ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። «ለአረጋውያን ቅድሚያ እንሰጣለን» ይላል። ከጎኑ ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ አንድ ሽማግሌ ይስቃሉ። በየሰፈሩ የተጀመረ አዲስ አሠራር ነው አሉ፤ ስልሳ የሞላው ሰው የራሱ መስኮት ይኖረዋል፣ ይመረመራል፣ ሆስፒታል መላክ ካስፈለገው ቀድሞ ይላካል፣ ቤቱም ድረስ ባለሙያ ሄዳ ታየዋለች።

እኔ መዝገብ ቤት ሠርቼ በፈቃዴ ቀደም ብዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ ልቤ ይሞቃል። ባነሩን ሁለት ጊዜ አንብቤ እየበረርኩ ቤት ገባሁ።

«ሰናይት! የእቴቴ ነገር አለቀ!»

«ምነው? ምን ሆኑ?» ብላ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች።

«ዓይኗን ማለቴ ነው።» ባነሩን በቃሌ ወጣሁላት።

ሰናይት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሰማችኝና «ስማ» አለች፣ «ባነሩን ተወውና የግል ክሊኒክ እንውሰዳቸው። ዕቁቤ በዚህ ወር ይደርሰኛል።»

«መብቷ እኮ ነው! ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለች ሴት በመብቷ ትታከማለች እንጂ በዕቁብ?»

«መብት ዓይን አያበራም።»

ሚስቴ ልክ መሆኗ የሚገባኝ ምንጊዜም ከዓመት በኋላ ነው። በዚህኛው ግን ዓመትም አልሞላ፤ ዘጠኝ ወር በቂ ሆነ።

በማግስቱ ከእቴቴ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰልፍ አለ። አንደኛው «ቅድሚያ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎለታል፤ ሁለተኛው ምንም አይልም። ቅድሚያ በሚለው ላይ አረጋዊው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ በክራንች የቆመው፣ የሠራተኛ ዘመድ የሆነው፣ ዘመድ ነኝ የሚለው ሁሉ ተጠማዝዞ እስከ በሩ ደርሷል። ምንም በማይለው ሰልፍ ላይ አራት ጎረምሶች ነበሩ፤ እኛ የሰልፋችንን ጭራ ፈልገን እስክናገኝ ታክመው ወጡ።

ከፊታችን ሐጂ ሰይድ የሚባሉ፣ ወሎ ሰፈር ልብስ የሚሰፉ አዛውንት ነበሩ። እቴቴ በድምፃቸው ለይታ «ብዙ ቆዩ?» አለቻቸው።

«ኧረ እኔ ጠዋት ስመጣ ወጣት ነበርኩ» አሉ ሐጂ። «ያስረጀኝ ቅድሚያው ነው።»

«ምንዎን ታመው ነው?»

«ጉልበቴን። መቆም አይችልም የሚል ወረቀት ያስፈልግሃል ተባልኩ። ይኸው ወረቀቱን ላወጣ ከንጋት ጀምሬ ቆሜያለሁ።»

እቴቴ እንደዚያ ስትስቅ ካዛንቺስን ከለቀቀች ወዲህ አይቻት አላውቅም። እኔ ግን ብልጠቴ ተነሣብኝና ወደ ጥበቃው ጠጋ አልኩ።

«ወንድሜ፣ እኛ በዚያኛው ሰልፍ ብንገባስ? ባዶ ነው እኮ።»

«ታካሚዋ እሳቸው ናቸው?»

«አዎ።»

«አይቻልም። እሳቸው ቅድሚያ አላቸው።»

«ቅድሚያውን ትተነዋል።»

«ይቅርታ አባቴ፣ መብታቸውን መንካት አልችልም።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል የካርድ መስኮቱ ጋ ደረስን። ልጅቷ ትሑት ናት፤ ክፉ ናት አልልም። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ «እማማ፣ ፋይልዎ ካዛንቺስ ነው ያለው። ከዚያ መሸኛ ያስፈልጋል። ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ ቁጥር ከሌለዎት ሲስተሙ አይከፍትልኝም» አለች።

«እኔን የምታክመኝ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» አለች እቴቴ።

«ያለ እሱ አልችልም እማማ።»

«ታዲያ እሱን ጥሪልኝ።»

መታወቂያው ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድን። የሚመዘግበው ወጣት ቀጭን፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው። እቴቴን በክብር አስቀመጣትና ጣቶቿን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስደገፈ። ማሽኑ ጢጥ ጢጥ አለና በቀይ መለሰ። ጣቷን በሶፍት ጠረገላት። ቀይ። በትንፋሹ አሞቀላት። ቀይ።

«እማማ፣ አሻራዎ ጠፍቷል። ጣትዎ ተበልቷል።»

«ለመንግሥት ስተይብ ነው የተበላው» አለች። «ከደብዳቤዎቹ ላይ ፈልጉት።»

ልጁ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ማሽኑ ብቻ አልሳቀም። «ግድ የለም፣ በዓይን እንሞክራለን» ብሎ ሌላ መሣሪያ አወጣ። «እማማ፣ ዓይንዎን ከፈት አድርገው ወደዚህ መብራት ይመልከቱ።»

«የቱ መብራት?»

«ይሄ፣ ፊትዎ ያለው።»

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ቢታየኝ ኖሮ እዚህ ምን አመጣኝ?»

ማሽኑ የእቴቴን ዓይን ሰባት ጊዜ ፈልጎ አጣው። ሞራው ከልክሎታል። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሐዘን አስረዳኝ፤ በልዩ ሁኔታ መመዝገብ ይቻላል፣ ግን ዓይናቸው እንደማይነበብ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስን። ሐኪም ዘንድ ለመግባት ካርድ ያስፈልጋል። ካርድ ለማውጣት ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩን ለማግኘት የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። እቴቴ በቤታችን ደረጃ ላይ አረፍ ብላ ነገሩን አሰበችበትና «በቃ፣ ዓይኔን እንዳድን መጀመሪያ ዓይኔ ይዳን እያሉ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ሚስቱን ይሰማ ነበር። እኔ ግን ጥርሴን የነቀልኩት መዝገብ ቤት ነው። ወረቀት በወረቀት ይሸነፋል ብዬ ማልኩ። ካዛንቺስ ያለው የድሮ ፋይሏ ከተገኘ በድሮው ካርድ ቁጥሯ ያስተናግዷታል፤ ስለዚህ መሸኛውን አወጣለሁ። ሰናይት ዕቁቧ የደረሳት ዕለት አንዴ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ፋይሏ የተቀመጠበት የድሮው ሰፈር ጽሕፈት ቤት እንደ ሰፈሩ ተነሥቷል። የት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ሰኔን ጨረስኩ። ሐምሌ በዝናብ አለፈ። ነሐሴ ላይ አገኘሁት፤ ግን ፋይሎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ገና አልተፈቱም። መስከረም ላይ ተፈቱ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ዕረፍት ወጥቷል። ጥቅምት ላይ ገብቶ አገኘሁት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?»

ደረጀ ነው! ከሃያ ዓመት በፊት እጄ ላይ የሠለጠነ ልጅ። አቅፎ ሳመኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። በልቤ «አለቀ፣ እግዜር በደረጀ በኩል መጣ» አልኩ። የመጣሁበትን ነገርኩት። የእቴቴ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስሟን ከተቀመጥኩበት ሆኜ አነብበዋለሁ።

«በል መሸኛውን ጻፍልኝ፣ አክስቴ ናት።»

ደረጀ አንገቱን አቀረቀረ። «ጋሼ፣ የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልገዋል። አንዱ ሥልጠና ላይ ነው፣ አንዱ ተዛውሯል፣ የአንዱ ቦታ ገና አልተተካም።»

«ደረጀ! እኔ ነኝ እኮ!»

«ለዚያም ነው ጋሼ። እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ? ‹ለገዛ እናትህም ቢሆን ያለ ሦስት ፊርማ ፋይል አታንቀሳቅስ፤ መዝገብ ቤት ዘመድ የለውም› አላሉኝም? እኔ እስከ ዛሬ የምሠራው በዚያ ነው።»

ብዬዋለሁ። እንዴት አድርጌ እንዳልኩት እንኳ ትዝ አለኝ፤ ጣቴን ቀስሬ፣ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ። በዚያ ጣት ስንቱን እናት «ነገ ይምጡ» ብዬ መልሻለሁ? አንዲት ነጠላዋ የነተበ ሴት ሦስት ወር አመላልሻት ነበር። ልጇ ስለታመመ የምትፈልገው ወረቀት ነበር መሰለኝ። ምን እንደደረሰች አልጠየቅሁም። የደረጀን ሻይ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሐቁን ለመናገር ያህል፣ ከቅድሚያው ሁሉ አንድ ነገር በትክክል ይሠራ ነበር። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ባለሙያ ልጅ በየወሩ፣ ሳትቀር፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ትመጣልናለች። የእቴቴን ደም ግፊት ለክታ «የወጣት ነው!» ትላለች። እቴቴም «ባል ፈልጊልኝ» ትላታለች። በኅዳር ስትመጣ ግን እቴቴ አልቀለደችም። ቀኝ ዓይኗ ቀልቷል፤ በዚያ በኩል ራሷን ይወጋታል፤ ከአንድ ቀን በፊትም አስመልሷታል።

ልጅቷ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። «አባቴ፣ ይሄ መቆየት የለበትም። በቶሎ የዓይን ሐኪም ይያቸው።»

«ሪፈር ጻፊልኛ!»

«ካርድ ቁጥር ከሌላቸው የምጽፈው አይሠራም። በግልም ቢሆን ይውሰዷቸው፤ በቃ፣ ዛሬ።»

ዛሬ ብላኛለች። እኔ በዚያ ሳምንት አንድ ፊርማ አግኝቼ ነበር፤ ሁለተኛው ሰውዬ ሰኞ ይገባል ተብያለሁ። አያችሁ፣ ሰው ብዙ ከቆመ በኋላ ሰልፉን ጥሎ መሄድ ይከብደዋል። የቆመበት ጊዜ ያሳዝነዋል፤ የቆመበትን ነገር ግን ይረሳዋል። ማስታገሻ ገዛሁላት። ማስታገሻው አስታገሰ። ሕመሙ ሲተዋት ደስ አለኝ፤ «ለቀቀኝ» ስትል «ይኸው፣ ቀላል ነገር ነው» አልኳት። ለካ የለቀቃት ሕመሙ ብቻ አልነበረም።

ጥር ላይ ሌላ ዜና መጣ። አሠራሩ ስምንት ወር ስለሞላው ውጤቱን ለማሳየት ስታዲየም አካባቢ ካሉት አዳራሾች በአንዱ ዝግጅት ተደገሰ። ከየአካባቢው አንድ አንድ ተጠቃሚ አረጋዊ ምስክርነት ይሰጣል። ያቺ የጤና ባለሙያ ልጅ እቴቴን መረጠች። በኋላ ስጠይቃት «ካርድ ባይኖራቸውም አፍ አላቸው ብዬ ነው» አለችኝ።

እኔ ንግግር ጻፍኩላት። ማንበብ ስለማትችል አስጠናኋት።

«‹ለተደረገልን ሁሉ እናመሰግናለን› በይ።»

«ምን ተደረገልን?»

«እሱን አትጠይቂ እቴቴ፣ አመስግኚ ብቻ። ኃላፊው ደስ ካለው በአንድ ፊርማ ይጨርስልናል።»

አዳራሹ በፊኛ አጊጧል። ፊት ወንበር ላይ ሐጂ ሰይድን አየኋቸው፤ «ጉልበትዎስ?» ብላቸው «ወረቀቱ ወጣ፤ አሁን መቆም እንደማልችል የታወቀልኝ ሰው ነኝ» አሉኝ። በስክሪን ላይ ቁጥርና ቀስት ታየ፤ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ላይ ናቸው። ከዚያ «እማማ አስካለ!» ተባለ። ክንዷን ይዤ አወጣኋትና ማይክሮፎኑን እጇ ላይ አስያዝኳት።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች። «ልጄ አመስግኚ ብሎኛልና አመሰግናለሁ።»

ተጨበጨበ። ላስወርዳት ክንዷን ስይዝ እጄን አስለቀቀችው።

«አሁን የራሴን ልናገር። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማማ» አሉ አንድ ሰው ፈገግ ብለው። «የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነኝ።»

«ሩቅ ነዎት?»

«ኧረ ቅርብ ነኝ፣ ሦስት እርምጃ ብሆን ነው።»

«እንግዲህ እኔ በሦስት እርምጃ አላየሁዎትም። እርስዎስ በስምንት ወር እኔን አይተውኛል?»

አንድ ፊኛ ፈነዳ። መድረክ መሪው ደንግጦ «ለእማማ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ሲል ሕዝቡ ከጭንቁ የተገላገለ ይመስል አጨበጨበ። ስጦታም ተሰጣት፤ አንድ ጃንጥላና ስለ ዓይን አጠባበቅ የሚያስረዳ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ መጽሔት።

ኃላፊው ግን ሰው ናቸው። ሻይ ሲጠጣ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳያቋርጧት ሰምተው በማግስቱ ቢሮ ጠሩንና «በልዩ ሁኔታ እንዲስተናገዱ» የሚል ደብዳቤ በዚያችው ሰዓት አስጽፈው ፈረሙ። አንድ ፊርማ። እኔ ስምንት ወር የሮጥኩለት ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አነበብኩላት፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል።

«ይቺን ቃል ሠላሳ ሁለት ዓመት ተይቤያታለሁ» አለች። «የሚመለከተው ግን አንድም ቀን መጥቶ አይቼ አላውቅም።»

የካቲት ላይ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። እቴቴን አገጯን መሣሪያ ላይ አስደግፋ ግራ ዓይኗን አየች። ጻፈች። ቀኙን አየች። ብርሃኑን አነሣችው፣ ዝቅ አደረገችው። «እማማ፣ በዚህኛው መብራቱ ይታይዎታል?»

«አብርተሽዋል?» አለች እቴቴ።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«የዚህኛው ሞራ አብጦ የዓይኑን ግፊት ጨምሮታል። ነርቩ ተጎድቷል።»

«ግፊቷ እኮ በየወሩ ይለካል። የወጣት ነው ይሉናል።»

«የደም ግፊት አይደለም፣ የዓይን ግፊት። ቀልቶ፣ ራሳቸውን ወግቷቸው ያውቃል? አስመልሷቸው?»

«ኅዳር ላይ።»

«ኅዳር!» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ያኔውኑ ቢመጡ ምናልባት ይተርፍ ነበር። አሁን ቀኙን መመለስ አንችልም። ግራውን እንሠራላቸዋለን። እስከ ዛሬ ለምን ዘገያችሁ?»

ምን ልበላት? ባነሩን ላንሣ? ማሽኑን? ደረጀን ወይስ ደረጀን ያስተማረውን? አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቅድሚያ እየተሰጠን ነበር» አልኳት።

ቀልድ መስሎኝ አይደለም ያልኩት። እሷም አልሳቀችም። ወረቀቷ ላይ ጎንበስ ብላ መጻፏን ቀጠለች። እቴቴ ከወንበሯ ላይ ሆና «ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰምታለች እኮ። ጆሮዋ እንደ ድመት ነው። ከእኔ አፍ መስማት ፈልጋ ነው። እኔም ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው፣ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወጣሁ።

ግራ ዓይኗን ሠሩላት። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ እኔና ሰናይት አጠገቧ ቆመናል። እቴቴ ዓይኗን እያርገበገበች መጀመሪያ ነርሷን አየች። «ቆንጆ ነሽ» አለቻት። ከዚያ ሰናይትን አይታ «አንቺ ደግሞ ከስተሻል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ሽማግሌ ማነው?»

«እኔ ነኝ እቴቴ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አንተ! መቼ ነው እንዲህ የሆንከው?»

«አንቺ ሳታዪ።»

ቤት ከገባን በኋላ በረንዳው ላይ ያቺን ይዛት የመጣችውን ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲነጋ እዚያ ናት። ከውስጥ ሆኜ ሳያት ግራ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ ትንሽ ትቆያለች፤ ትገልጠዋለች። እንደገና ትሸፍናለች። በቀኟ በኩል የሚመጣ ነገር እንዳለ የምትጠብቅ ትመስላለች። የሚመጣ ነገር የለም።

በስምንተኛው ቀን አላስችል አለኝና ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ።

«እቴቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን አድርገህ?»

«ያኔ ሰናይትን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ…»

«ሰምተሃት ቢሆን ኖሮ ሁለት ነበረኝ» አለች። አላለሳለሰችውም። ያሳደገችኝ እንደዚህ አድርጋ ነው፤ ስወድቅ ታነሣኛለች፣ አልወደቅህም ግን አትለኝም።

ቆሜ ቀረሁ። ከታች ታክሲ ይንጫረራል፤ ረዳቱ «ስታዲየም! ስታዲየም!» እያለ ይጮኻል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች በመጨረሻ። «በል አሁን ዞር በል፤ ጋርደኸኛል።»

ዞር አልኩላት። ማዶ ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። እቴቴ አንገቷን አስግጋ አየቻትና፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «አንሶላዋ ቢጫ ነው» አለች። «ጠርዙ ላይ አረንጓዴ አበባ አለው።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አለው።